ከለንደን ዳርዊን በ19 ቀን፤ የኤሚ ጆንሰን ሕይወት

ከእንግሊዟ ለንደን እስከ አውስትራሊያዋ ዳርዊን በቀጥታ መስመር ሲለካ 13,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2021 መጨረሻ ላይ የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የትም ሳያርፍ የሚበር መስመር ለጊዜው ከፍቶ ነበር። ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ያህል ይወስድ ነበር። መንገደኛው ራት በልቶ፣ ተኝቶ፣ ፊልም አይቶ ይደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930 ግን አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ይህንኑ መንገድ ብቻዋን፣ ጣሪያ በሌላት ትንሽ አሮጌ አውሮፕላን ስትሄደው 19 ቀን ፈጀባት። ስሟ ኤሚ ጆንሰን ይባላል። ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ብቻዋን የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በአገሯ ስሟን የማያውቅ የለም፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙም አይነሣም። ስለ እርሷ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚጎላው ድፍረቷ ነው። ደፋር መሆኗ እውነት ነው። እኔን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እነዚያ 19 ቀኖች በምን አለቁ? በመንገዱ ላይስ ማን ማን ደገፋት?

ኤሚ የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1903 በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው የሃል ወደብ ነው። አያቷ ከዴንማርክ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በዓሣ ንግድ ነው። ለአራት ሴት ልጆች ታላቅ ነበረች። በትምህርት ቤት ሳለች የክሪኬት ኳስ የፊት ጥርሷን ስለሰበረው ከሰው መሸሽና ማፈር ጀምራ ነበር ይባላል። ከዚያ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1925 በኢኮኖሚክስ ዲግሪዋን ያዘች። በዚያ ዘመን ዲግሪ ያላት ሴት ጥቂት ናት፤ ዲግሪዋን የሚፈልግ ቀጣሪ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ ኤሚም እንደ ብዙዎቹ የጽሕፈት መኪና ተምራ በጸሐፊነት መሥራት ጀመረች። አንድ የስዊዘርላንድ ሰው ለዓመታት ወዳ ነበር፤ እርሱ ግን በ1928 ሌላ ሴት አገባ። እርሷ ቀደም ብላ ወደ ለንደን ሄዳ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ በአንድ ትልቅ ሱቅ፣ ቀጥሎም በአንድ የጠበቆች ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጠረች።

በለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ ስታግ ሌን የሚባል የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። በዚያ ያለው ክበብ ከመንግሥት ድጎማ ስለሚያገኝ የትምህርቱ ዋጋ ከሌላው ቦታ ይቀንሳል። ቢቀንስም የአንድ ሰዓት ትምህርት ከአንዲት ጸሐፊ የሳምንት ደመወዝ ላይ ብዙ ይቦጭቃል። ኤሚ በሴፕቴምበር 1928 መማር ጀመረች። ተሰጥኦ ያላት ተማሪ አልነበረችም። ሌሎች ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተምረው ብቻቸውን ሲነሡ፣ እርሷ ብቻዋን ለመብረር የተፈቀደላት ከ15 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ፣ በጁን 1929 ነው። ከገንዘቧም ከጊዜዋም እየቆጠበች ነው እዚያ የደረሰችው። በቀጣዩ ወር የአብራሪነት ፈቃዷን ወሰደች። ያ ዓመት የኀዘን ዓመትም ነበር፤ ቀጥላት የተወለደችው እህቷ አይሪን በዚያው በ1929 አረፈች።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ከሌሎቹ የበረራ ወዳጆች የለያት። በዚያ ዘመን ሴቶች አብራሪዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን የባለጸጋ ልጆች ወይም ሚስቶች ስለሆኑ አውሮፕላናቸውን የሚያሰናዳላቸው ሰው ቀጥረው ነው። ኤሚ ሰው ለመቅጠር የሚሆን አልነበራትም። ስለዚህ ቱታ ለብሳ ወደ ጥገናው ክፍል ገባች። ጃክ ሃምፍሪስ የሚባለው የክበቡ ዋና መካኒክ አስተማራት። መጀመሪያ ላይ ሴት በሃንጋር ውስጥ ምን ትሠራለች የሚሉ ነበሩ። እርሷ ከሥራ በፊት በማለዳ፣ ከሥራም በኋላ እየመጣች ወለል ጠረገች፣ ካንዴላ አጸዳች፣ ሞተር ፈታ ገጠመች። በኋላ ጆኒ የሚል የወንድ ቅጽል ስም አወጡላትና የእነርሱ ሰው ሆነች። ቀጥሎም አባቷ ሊረዷት ሲስማሙ የቢሮ ሥራዋን ትታ ሙሉ ቀን ከመካኒኮቹ ጋር መዋል ጀመረች። በ1929 መጨረሻ የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድ ከመንግሥት አገኘች፤ ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ የብሪታንያ ሴት ሆነች። ኋላ በመንገድ ላይ ነፍሷን ያተረፈው ከበረራ ፈቃዷ ይልቅ ይህኛው ወረቀት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አውስትራሊያ የመሄድ ሐሳብ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1928፣ በርት ሂንክለር የተባለ አውስትራሊያዊ ከለንደን ዳርዊን ብቻውን በ15 ቀን ተኩል ደርሶ ነበር። በመርከብ የሚሄድ ሰው ከወር በላይ በሚቆይበት ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ፍጥነት ነው። ኤሚ የእርሱን ጊዜ ለማሻሻል ቆረጠች። በዚያ ጊዜ ከ100 ሰዓት ያነሰ በረራ ብቻ ነበራት። ከሄደችበት ሁሉ ሩቁ ከለንደን እስከ ትውልድ ከተማዋ ሃል ነው፤ እንግሊዝን ለቅቃ በርራ አታውቅም።

ገንዘቡን ያገኘችበት መንገድ ለእኛ ማኅበር አባላትም ለደጋፊዎቻችንም የሚታወቅ መንገድ ነው። ለብዙ ሰዎችና ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈች፤ የሚበዙት ፊት አልሰጧትም። በመጨረሻ የብሪታንያ የሲቪል አቪዬሽን ኃላፊ የነበሩት ሰር ሴፍተን ብራንከር ጉዳይዋን ወደ ሎርድ ዌክፊልድ አደረሱላት። ዌክፊልድ ካስትሮል በተባለው የሞተር ዘይት የከበሩ፣ በረራን በመርዳት የታወቁ ሰው ናቸው። አንድ ያገለገለ ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን በ600 ፓውንድ ተገዛ፤ ግማሹን ዌክፊልድ፣ ግማሹን አባቷ ከፈሉ። ዌክፊልድ ከዚህ በላይ ጨምረው በየማረፊያው ቤንዚንና ዘይት አስቀድሞ እንዲቀመጥላት አስደረጉ። ይህ ሁለተኛው ስጦታ በጋዜጣ ብዙም አልተወራለትም። ነገር ግን ቤንዚን የሌለበት ሜዳ ላይ የቆመ የ600 ፓውንድ አውሮፕላን ከበረት አይሻልም። ለአውሮፕላኑ ጄሰን የሚል ስም አወጣችለት፤ ስሙ የአባቷ የዓሣ ንግድ ምልክት ነው። አረንጓዴ ተቀባ፤ ጽሑፉ ብርማ ነበር።

ጄሰን በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል? በሰዓት ከ130 እስከ 140 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ዛሬ በጥሩ አስፋልት መንገድ ላይ መኪና ከሚሄደው ብዙም አይበልጥም። ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ራዲዮ የለውም። አካሉ የእንጨት ሆኖ በላዩ ሸራ የተወጠረበት ነው። ተጨማሪ የቤንዚን ጋን ስለተገጠመበት፣ ከታችኛው ጋን ወደ ላይኛው በእጅ ፓምፕ እየገፋች ማውጣት ነበረባት፤ ሽታው ያቅለሸልሻት ነበር። መለዋወጫ ፕሮፔለሩን በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በገመድ አሰረችው። መፍቻዎች፣ የወባ አጎበር፣ ትንሽ ምድጃና ሽጉጥም ያዘች።

መንገዱን ስትመርጥ ማስመሪያ አነሣችና በካርታው ላይ በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ሂንክለር በሜዲትራኒያን ዳር ዞሮ ነው የሄደው፤ የእርሷ መስመር በቪየና፣ በኢስታንቡልና በሶሪያዋ አሌፖ በኩል ስለሚቆርጥ ያሳጥራል። ሆኖም ፍጹም ቀጥታ ሊሆን አይችልም። የቀጥታው መስመር በእስያ ትልልቅ ተራሮችና በረሃዎች ላይ ነው የሚያልፈው፤ ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ቤንዚን ካለበት ሜዳ ወደ ቤንዚን ወዳለበት ሜዳ እየዘለለች ነው የምትሄደው። ስለዚህ ዛሬ 13,800 ኪሎ ሜትር የሆነው ርቀት ለእርሷ 18,000 ገደማ ሆነ።

ሜይ 5 ቀን 1930 ጠዋት ከለንደን ደቡብ ከክሮይደን ሜዳ ተነሣች። የሸኟት አባቷና ጥቂት ወዳጆች ብቻ ናቸው። ጋዜጦችም ብዙ ቦታ አልሰጧትም። በመጀመሪያው ቀን ቪየና፣ በሁለተኛው ኢስታንቡል ገባች። በሦስተኛው ቀን የታውረስን ተራሮች በጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ደመና እየጋረዳት፣ አልፋ አሌፖ ደረሰች። በአራተኛው ቀን ወደ ባግዳድ ስትሄድ የአሸዋ ማዕበል ያዛት። አውሮፕላኗ በአየር ላይ እንደ ድንጋይ ወረደች፤ መሬት አይታይም። እንደ ምንም በበረሃው ላይ አረፈች፤ ነፋሱ አውሮፕላኗን እንዳይወስድባት ሻንጣዋን ከጎማው ሥር አስገባች፤ ጨርቅ አልብሳ ሞተሩን ከአሸዋ ጠበቀች፤ ከዚያ የውሾች ጩኸት ስለሰማች ሽጉጧን ይዛ ጅራቱ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ ጠብቃ ማዕበሉ ሲያልፍ ተነሥታ በዚያው ቀን ባግዳድ ገባች።

በአምስተኛው ቀን በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ በምትገኘው ባንዳር አባስ ስታርፍ የእግሩ ብረት ተሰበረ። ሌሊት ተጠግኖ አደረ። በስድስተኛው ቀን፣ ሜይ 10፣ ካራቺ ገባች። ሂንክለር እዚያ ለመድረስ ስምንት ቀን ፈጅቶበት ነበር፤ በሁለት ቀን ቀደመችው ማለት ነው። የዓለም ጋዜጦች ስለ እርሷ መጻፍ የጀመሩት ይህኔ ነው።

በነገራችን ላይ፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ እንቅልፏ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ያህል ነበር። ምክንያቱም እንዳረፈች ለመተኛት አትሄድም። ቤንዚኑን በጨርቅ እያጣራች ትሞላለች፣ ዘይት ትለውጣለች፣ ካንዴላ ታጸዳለች፣ የላሉ ብሎኖችን ታጠብቃለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙሉ ቀን ሞተር ሲጮህባት ከዋለች በኋላ ነው።

ከካራቺ ወዲያ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሜይ 11 ቀን ወደ አላሃባድ እየሄደች ቤንዚን ስላለቀባት ጃንሲ በተባለ ቦታ በአንድ የጦር ሠፈር ሜዳ ላይ ወረደች፤ ሜዳው ጠባብ ስለነበር ከሠፈሩ ቤት ጋር ተጋጭታ ክንፏ ተጎዳ። ወታደሮቹ ጠገኑላት። በማግሥቱ ካልካታ ገባች። ሜይ 13 ቀን ወደ በርማዋ ራንጉን ስትሄድ የክረምቱ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ከተማዋን ስታጣ፣ ከራንጉን ወጣ ብላ በምትገኝ ኢንሴን የተባለች ቦታ አንድ የኳስ ሜዳ አይታ አረፈች፤ አውሮፕላኗም ሄዳ ሄዳ ቦይ ውስጥ ገባች። ፕሮፔለሩ ተሰበረ፣ የእግሩ ብረት ተጣመመ፣ ክንፉ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከጉዞው ሁሉ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ኢንሴን ላይ ልምድ ያለው የአውሮፕላን ጠጋኝ የለም፤ የክንፍ ሸራም አይሸጥም። ነገር ግን የወደቀችበት ሜዳ የአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሜዳ ነበር። መምህራኑና ተማሪዎቹ ወጥተው ከበቧት። ብረቱን በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ አቀኑት። የክንፉን እንጨት በእጃቸው ሠሩት። ለሸራውስ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአውሮፕላን ሸራ በርካሽ ተሸጦ በዚያ አገር የወንድ ሸሚዝ ተሰፍቶበት ኖሯል። ሸሚዞቹ ተሰበሰቡ፣ ተተረተሩ፣ ተመልሰው ክንፍ ሆኑ። ሸራውን የሚያጠነክረውን ቅብ አንድ የራንጉን መድኃኒት ቀማሚ በግምት ቀላቅሎ ሠራ። የተሰበረው ፕሮፔለር ወጥቶ ከለንደን ጀምሮ በጎኗ ታስሮ የመጣው ተገጠመ። ኤሚ አብራቸው ቱታዋን ለብሳ ትሠራ ነበር፤ ምኑ ከምኑ እንደሚገጠም ለማሳየት ያስቻላት ያ የስታግ ሌን የማለዳ ትምህርት ነው። ሜይ 16 ቀን ተነሥታ ባንኮክ ገባች።

ሦስት ቀን ጠፋ። የሂንክለርን ጊዜ የማሻሻሉ ነገር ያበቃው ኢንሴን ላይ ነው። ይህን እርሷም አውቃ ነበር፤ መንገዷን ግን ቀጠለች።

ከባንኮክ ወደ ደቡብ ወርዳ ሜይ 18 ቀን ሲንጋፖር፣ በማግሥቱ ደግሞ ጃቫ ደሴት ላይ ደረሰች። በጃቫ አንድ የስኳር ፋብሪካ አጠገብ ስታርፍ ለቤት ሥራ የተተከሉ የቀርከሃ እንጨቶች የክንፉን ሸራ በሱት። ቀዳዳዎቹ የተደፈኑት ለቁስል በሚለጠፍ ተራ ፕላስተር ነው። ሜይ 22 ቀን ቲሞር ደሴት ላይ የታሰበውን ሜዳ አጥታ ሌላ መንደር አጠገብ፣ ኩይሳ በሞላበት መሬት ላይ ወረደች። ጦር የያዙ ሰዎች ሮጠው መጡባት፤ ነገሩ የሚያስፈራ ቢመስልም እጇን ይዘው ወደ አካባቢው ቄስ ቤት ወሰዷት። ስልክ ስለሌለ ያን ሌሊት የት እንዳለች ዓለም አላወቀም፤ በእንግሊዝ ጠፋች ተብሎ ተጨነቁላት።

የመጨረሻው ክፍል ባሕር ነው። ከቲሞር እስከ ዳርዊን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ ብቻ። ሞተሩ ቢቆም ማረፊያ የለም። የሼል ኩባንያ የነዳጅ መርከብ በመንገዱ መካከል እንድትጠብቃት ተደርጎ ነበርና ከላይ ስታያት መስመሯን እንዳልሳተች አወቀች። ሜይ 24 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ዳርዊን አረፈች።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 18,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት 135 ቢካፈል 133 ሰዓት ይመጣል፤ አምስት ቀን ተኩል ማለት ነው። ይህ በእኔ ስሌት የተገመተ ነው፤ ነፋስና መንገድ መሳት ጨምረንበት ስድስት ቀን እንበለው። እንግዲህ ከ19 ቀን ውስጥ አውሮፕላኗ በአየር ላይ የነበረችው ሢሶውን ያህል ብቻ ነው። ቀሪው 13 ቀን ያለቀው በምድር ላይ ነው፤ ቤንዚን በማጣራት፣ ብረት በማቅናት፣ ሸሚዝ በመተርተር፣ ዝናብ እስኪያባራ በመጠበቅ። ስለዚህ በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ጊዜ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ከአዲስ አበባ ዱባይ በረራው አራት ሰዓት ነው። ወደዚያ ሄደው የሠሩ እህቶቻችን ግን መንገዱ ስንት ወር እንደነበረ ይነግሩናል፤ ፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራው፣ ብድሩ፣ ልጅ የምትያዝበት ቤት ፍለጋው። አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ የመንገዱ አጭሩ ክፍል ነው።

ኤሚ ዳርዊን ስትደርስ የተሰማት ደስታ ሙሉ አልነበረም፤ የሂንክለርን ጊዜ አልደረስኩበትም ብላ አዝና ነበር። ሕዝቡ ግን ስለ ቀኑ ቁጥር አላሰበም። በአውስትራሊያ ከከተማ ከተማ ሲቀበሏት ሰው እንደ ጎርፍ ወጣ። በድካም ብዛት ብሪዝበን ላይ ስታርፍ ጄሰንን ገለበጠችው፤ እርሷ ተረፈች። ዘፈኖች ወጡላት፣ የብሪታንያ ንጉሥ ኒሻን ሰጧት፣ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ 10,000 ፓውንድ ከፍሎ በአገሩ ሁሉ እንድትዞርለት ተዋዋላት። ኦገስት ላይ ወደ ለንደን ስትመለስ ከሜዳው እስከ ከተማው መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ዝናው ግን ከበረሃው አሸዋ ይልቅ ከበዳት። ከግብዣ ወደ ግብዣ፣ ከንግግር ወደ ንግግር ስትሄድ ሰውነቷም መንፈሷም ተሰበረና ጉብኝቱ በመካከል ተቋረጠ። የሲድኒ ተማሪዎች አዋጥተው ከሰጧት ገንዘብ ግን የወርቅ ዋንጫ አሠራች፤ ዋንጫው በትውልድ ከተማዋ በሃል ጀግንነት ለሠራ ልጅ የሚሰጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በብዛት የሰዓት ሽሚያ ናቸው። በ1931 ያስተማራትን መካኒክ ጃክ ሃምፍሪስን ይዛ ከለንደን ሞስኮ በአንድ ቀን ገባች፤ ከዚያም ቶኪዮ ቀጠሉ። በ1932 ጂም ሞሊሰን የሚባል ስመ ጥር አብራሪ አገባች፤ በዚያው ዓመት ከለንደን ኬፕታውን ብቻዋን በ4 ቀን ከ6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ በርራ የባሏን የራሱን ሪከርድ ሰበረች። ቤት ውስጥ ይህ እንዴት እንደታየ መገመት ይቻላል። በ1933 ሁለቱ አብረው አትላንቲክን ሲሻገሩ ኒው ዮርክ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ቤንዚን አለቀና ወድቀው ተጎዱ። በ1936 የኬፕታውኑን መንገድ በ3 ቀን ከ6 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ደገመችው። ትዳሩ በ1938 ፈረሰ።

በዚሁ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በ1919 የተመሠረተው የብሪታንያ የሴት መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች። ከሪከርዶቿ ሁሉ ይህ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ለእኔ ግን የስታግ ሌኗን የማለዳ ተማሪ የሚያስታውሰኝ ይህ ሥራዋ ነው። በአገራችንም በዚሁ ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ሙሉመቤት እምሩ አውሮፕላን ማብረር ተምራ ነበር። ጦርነቱ ባያቋርጣት ኖሮ የት በደረሰች የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኤሚ በ1940 የአየር ትራንስፖርት ረዳት ክፍል ውስጥ ገባች። ሥራው ከፋብሪካ የወጡና የተጠገኑ የጦር አውሮፕላኖችን ወደሚፈለጉበት ሜዳ ማድረስ ነው። ያለ ራዲዮ ይበራሉ፤ ተኩስ የለም፣ ሪከርድ የለም፣ ጋዜጠኛም አይመጣም። አህጉር ያቋረጠችው ሴት አሁን የምትበረው በአንድ አገር ውስጥ፣ አንድና ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ሆነ።

ጃኑዋሪ 1941 ላይ አንድ ኤርስፒድ ኦክስፎርድ አውሮፕላን ከስኮትላንድ ወደ ኦክስፎርድ ከተማ አቅራቢያ እንድታደርስ ታዘዘች። በመንገዷ ብላክፑል ላይ እህቷ ሞሊ ቤት አደረች። ጃኑዋሪ 5 ቀን እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ተነሣች። አየሩ ደመናና ብርድ ነበር። ከዚያ እስከምትደርስበት ቦታ ከአንድ ሰዓት እምብዛም የማይበልጥ በረራ ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ግን አውሮፕላኗ ከመንገዷ እጅግ ርቃ በቴምስ ወንዝ መውጫ ባሕር ውስጥ ወደቀች። በዚያ የነበረች ሄዝልሜር የተባለች የባሕር ኃይል መርከብ ሠራተኞች በፓራሹት የወረደ ሰው አዩ፤ የመርከቢቱ አዛዥ ዋልተር ፍሌቸር ሊያድናት በረዶ በሚመስለው ውኃ ውስጥ ዘለለ፤ እርሱም በብርዱ ሞተ። የኤሚ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዕድሜዋ 37 ነበር። ለምን እንዲህ ከመንገዷ እንደራቀች ብዙ ተብሏል፤ ደመናው ከበታቿ ስለተዘጋ ማረፊያ ስትፈልግ ቤንዚኑ አልቆ ይሆናል የሚለው ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ጄሰን ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ኤሚ በሞተችበት ጊዜ በዚያ የትራንስፖርት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሴት አብራሪዎች፣ ያንኑ አውሮፕላን በዚያው ሰማይ ላይ እያበረሩ፣ ደመወዛቸው ከወንዶቹ በ20 በመቶ ያነሰ ነበር። ክፍያው እኩል የሆነው በ1943 ነው።